ሰው የማይተኮስበት ጨዋታ

ሻሸመኔን የሚያውቅ ሁሉ በቅድሚያ መንገዶቿን ያውቃል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ 250 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘው አስፋልት እኛ ዘንድ ሲደርስ ይከፋፈላል። አንዱ ወደ ሐዋሳ፣ ዲላና ሞያሌ ይወርዳል፤ አንዱ በኮፈሌና በዶዶላ አድርጎ ባሌ ይገባል፤ ሌላው በአላባ በኩል ወደ ሶዶና አርባ ምንጭ ይታጠፋል። ከዚህ የተነሳ በእኛ ከተማ እቃ ሁሉ መንገደኛ ነው። ድንቹም፣ ጫቱም፣ ልባሽ ጨርቁም፣ የእጅ ሰዓቱም ከአንዱ አቅጣጫ መጥቶ ጥቂት ያርፍና ወደ ሌላው ያልፋል። ጥቂቱ ደግሞ እዚያው ይቀራል።

በ1992 ዓ.ም.፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ከእነዚህ መንገደኛ እቃዎች አንዱ ሰፈራችን ቀረ። ቀደም ሲል ልብስ ሰፊ ይሠራባት የነበረች፣ በሯ ወደ መንገድ የሚከፈት አንዲት ክፍል ነበረች። አዲሱ ተከራይ አንድ ባለ 14 ኢንች ቴሌቪዥን፣ ሁለት አግዳሚ ወንበርና አንድ ግራጫ የፕላስቲክ ሣጥን አስገባባት። ከሣጥኑ ሁለት ጆይስቲክ በቀጭን ገመድ ተንጠልጥሏል፤ ከላዩ ላይ ቢጫ ካሴት ይሰካበታል። እኛ እስከዚያ ቀን የምናውቀው ብይ፣ ቆርኪና የጨርቅ ኳስ ነበር። ጆተኒና ከረንቡላ የትልልቆቹ ነበሩ። ይህ ግን የእኛ ሆነ።

ባለቤቱን ጋሼ ነበር የምንለው። በሩ ላይ በርጩማ አስቀምጦ ስሙኒ ይቀበላል። ለአንድ ስሙኒ ሦስት ነፍስ ይሰጣል፤ ሦስቱም ሲያልቁ ተነስቶ ለተረኛ መልቀቅ ነው። ትልቁ ጠብ የሚነሳው መብራት ሲጠፋ ነበር። «ጋሼ፣ ሁለት ነፍስ ቀርቶኝ ነበርኮ!» ይላል ልጁ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። «መብራቱን ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንዴ?» ይላል ጋሼ። ነገር ግን መብራቱ ሲመጣ ሁለቱን ነፍስ ሳያጫውተው የቀረበትን ቀን አላስታውስም።

ከጨዋታዎቹ ሁሉ አብልጬ የምወደውን «ንቦቹ» ብለን ሰይመነው ነበር። ጥቁር ሰማይ፣ ከላይ በረድፍ የተሰለፉ ባለ ቀለም ፍጥረታት፣ ከታች ደግሞ ግራና ቀኝ ብቻ የምትሄድ አንዲት የእኛ መንኮራኩር። ከሰልፉ አንዱ ይነጠልና እየተጠማዘዘ ይወርድብሃል። የተኮስካት ጥይት ዒላማዋን ሳትመታ ወይም ከማያው ሳትወጣ ሌላ መተኮስ አይቻልም። ስለዚህ የሳተ ሰው የሚሞተው በራሱ ጥይት ነው ማለት ይቻላል። እውነተኛ ስሙን ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ ጋላክሲያን ይባላል።

አንድ ቀን እማዬ ላምባ እንድገዛ ላከችኝ። ላምባውን ገዛሁና በመልሱ ጌም ቤት ገባሁ። ጠርሙሱን ከአግዳሚው ሥር አስቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ፣ ምን ያህል እንደቆየሁ እንጃ፣ ድንገት ዞር ብል አባባ በሩ ላይ ቆሟል። ጥፊ ጠበቅሁ። አልመጣም። እኔንም አያየኝም ነበር። የሚያየው ጆይስቲክ የያዘውን ጓደኛዬን ነው። ልጁ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ «ገደልኩት! ገደልኩት!» እያለ ይስቃል፤ ሌሎቹም ያጨበጭባሉ። ቴሌቪዥኑ የተኩስ ድምፁን ይለቃል። የአባባ ፊት አመድ መስሎ ነበር።

«ና» አለኝ፤ ወጣን። እስከ ቤት አንድም ቃል አልተናገረም። ደጃፋችን ስንደርስ ብቻ ቆም ብሎ «ከእንግዲህ እዚያ ቤት እንዳላይህ። መግደል መጫወቻ አይደለም» አለ። አባቴ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር፤ ሳያብራራ የሚያልፈው ነገር አልነበረም። ይህችን ግን አላብራራትም።

* * *

ጽሑፍ እንጀራዬ ከሆነ በኋላ የዚያን ጨዋታ ዘር ሐረግ ለመፈለግ ተነሳሁ። ጋላክሲያን ናምኮ የተባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1979 ያወጣው ነው። ያወጣውም ከአንድ ዓመት በፊት ተፎካካሪው ታይቶ ገበያውን ጠቅልሎ የያዘበትን ጨዋታ ለመብለጥ ነበር። የአባትየው ስም ስፔስ ኢንቬደርስ ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ «የጠፈር ወራሪዎች» ልንለው እንችላለን። ቶኪዮ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1978 ክረምት፣ በእኛ አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ነው።

1970 ዓ.ም. ለእኛ ምን ዓይነት ዓመት እንደነበር ማውራት ለቀባሪው ማርዳት ነው። በየካቲት 26 ጅጅጋ ከሶማሊያ ጦር እጅ ተመለሰች፤ የካራማራ ድል እስከ ዛሬ ይዘከራል። በከተሞቹ ውስጥ ደግሞ ያለፈው ዓመት በይፋ የታወጀው ቀይ ሽብር ወጣቱን እያጨደ ነበር። እናት የልጇን አስከሬን መንገድ ዳር ያገኘችበት፣ ማልቀስ የተከለከለችበት ጊዜ ነው። ያን ሰሞን ቶኪዮ ውስጥ አንድ መሐንዲስ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ፣ በጨዋታው የሚተኮስበትን ፍጥረት መልክ እየሣለ እየሠረዘ ነበር።

መሐንዲሱ ቶሞሂሮ ኒሺካዶ ይባላል። በ1944 እ.ኤ.አ. ኦሳካ ውስጥ ተወለደ። የሚሠራበትን ታይቶን በ1953 የመሠረተው ማይክል ኮጋን የተባለ፣ ኦዴሳ የተወለደ አይሁዳዊ ነጋዴ ነው። ኩባንያው ሥራ የጀመረው በጨዋታ አልነበረም፤ ሳንቲም ሲጎርሱ እቃ የሚሸጡ ማሽኖች፣ ኋላም የሙዚቃ ሣጥኖች ነበሩ መተዳደሪያው። ሳንቲም የሚጎርስ ማሽን ወደ ጨዋታ የተሸጋገረው ቀስ በቀስ ነው።

ኒሺካዶን የቆሰቆሰው አታሪ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1976 ያወጣው ብሬክአውት የተባለ ጨዋታ ነበር። በኳስ የጡብ ግድግዳ እየመቱ ማፍረስ ነው። ቀላል ነው፤ ግን ሰው አይጠግበውም። ኒሺካዶ የጡቦቹን ሰልፍ ወሰደና ሕይወት ዘራበት፤ ጡቦቹ ይራመዱ፣ መልሰውም ይተኩሱ አለ። ትልቁ ለውጥ ይኸው ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የተኩስ ጨዋታዎች አብዛኞቹ በሰዓት የተገደቡ ነበሩ፤ ዒላማው ዝም ብሎ ይመታል፣ ሰዓቱ ሲሞላ ያበቃል። በዚህኛው ግን ገደቡ የተጫዋቹ ነፍስ ሆነ። ጎበዝ የሆነ በአንድ ሳንቲም ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ሰነፍ ቶሎ ይነሳል። የጋሼ ሦስት ነፍስ ከዚያ የመጣች ሕግ ናት።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የሚተኮስበት ማን ይሁን? ኒሺካዶ በተለያዩ ቃለ ምልልሶች እንደተናገረው፣ መጀመሪያ ታንክ፣ መርከብና አውሮፕላን ሞክሮ ነበር። በጊዜው መሣሪያ እንቅስቃሴያቸው አላምር አለው። ሲራመድ የሚያምረው ሰው ሆኖ ተገኘ። የሰው ሰልፍ እየተራመደ ሲመጣ መልክ ነበረው። ይሁን እንጂ በሰው ላይ መተኮስ መልካም አይደለም ተባለና የሰው ምስል ከጨዋታው ወጣ።

ያን ጊዜ ስታር ዋርስ የተሰኘው ፊልም አሜሪካን አጥለቅልቆ ወደ ጃፓን እየመጣ ነበር። ኒሺካዶ ዓይኑን ወደ ጠፈር አነሳ። የእንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ «የዓለማት ጦርነት» ወራሪዎች ኦክቶፐስ መሰል ሆነው እንደሚሣሉ አስታወሰ። ከባሕር እንስሳት ስኩዊድን፣ ክራብንና ኦክቶፐስን ወስዶ ሦስት ዓይነት ወራሪ ሣለ። በየረድፉ 11፣ በአምስት ረድፍ 55 ሆነው ይሰለፋሉ። ከታች አንዲት መድፍና አራት መከለያ ምሽጎች አሉ። በሁለቱም ወገን የሰው መልክ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ አንባቢን እንደማታለል ይቆጠርብኛል። ይኸው ሰው ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1975፣ ሁለት ካውቦዮች ፊት ለፊት ቆመው የሚታኮሱበት ጨዋታ ሠርቶ ነበር። እዚያ ሰው በሰው ላይ ይተኩሳል። ታዲያ በ1978 ምን ተለወጠ? የኩባንያውን ልብ ገብቼ አላየሁም። የእኔን አስተያየት ግን ልናገር። ሁለት የታጠቁ ሰዎች ቆጥረው ሲታኮሱ ከፊልም የተለመደ ፍልሚያ ነው፤ አንዱ ካልቀደመ ሌላው ይቀድማል። ተሰልፈው የሚመጡ ሃምሳ አምስት ሰዎችን ከምሽግ ሆኖ አንድ በአንድ መልቀም ግን ሌላ ነገር ነው። ያ ሥዕል በጃፓንም ከጦርነቱ ወዲህ ብዙ አልራቀም ነበር። እኛ ዘንድ ደግሞ በዚያው ዓመት ሥዕል አልነበረም።

* * *

የጨዋታው ዋና ምሥጢር ፍጥነቱ ነው። ወራሪዎቹ መጀመሪያ ሲመጡ እንደ ቀብር ሰልፍ በዝግታ ይንቀሳቀሳሉ። አራት ወፍራም ድምፆች እየተደጋገሙ እርምጃቸውን ያጅባሉ። እየገደልካቸው በሄድህ ቁጥር የቀሩት ይፈጥናሉ፤ ድምፁም ይፈጥናል። የመጨረሻው አንድ ሲቀር እንደ እብድ ይሮጣል። ተጫዋቹ ጠላቱ የተቆጣ ወይም የፈራ ይመስለዋል፤ የራሱም ልብ ምት አብሮ ይጨምራል።

ነገሩ ግን የታሰበበት አልነበረም። ማሽኑ የሚሠራው ኢንቴል 8080 በተባለ ትንሽ አንጎል ነው። ማያው በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል፤ በእያንዳንዱ እድሳት ማሽኑ ማንቀሳቀስ የሚችለው አንድ ወራሪ ብቻ ነው። 55ቱ ሁሉ አንድ እርምጃ ተራምደው እስኪጨርሱ አንድ ሰከንድ ሊሞላ ምንም አይቀረውም። ሃያ ሲቀሩ ሰልፉ በሰከንድ ሦስት እርምጃ ይራመዳል። አንድ ሲቀር በእያንዳንዱ እድሳት ተራው የእሱ ብቻ ነው። የማሽኑ ድካም ነው ፍጥነቱን የፈጠረው። ኒሺካዶ ይህን ባየ ጊዜ ሊያርመው ይችል ነበር፤ ጨዋታውን እንዳጣፈጠለት ስለተረዳ ተወው። የጨዋታው ትእዛዝ በሙሉ የተጻፈው በስምንት ኪሎ ባይት ነው። ፊደል በፊደል ቢቆጠር ይህ የእኔ ጽሑፍ ይበልጠዋል።

ማያውም ቢሆን ጥቁርና ነጭ ነበር። አረንጓዴና ቀይ የሚመስለው መስተዋቱ ላይ በተለጠፈ ባለ ቀለም ላስቲክ ነው።

ሌላም ጠባይ አለው፤ አይሸነፍም። 55ቱን ብትጨርስ ሌሎች 55 ይመጣሉ፤ ቀድሞ ከጀመሩበት ዝቅ ብለው ይጀምራሉ። መጨረሻው ሁልጊዜ የተጫዋቹ መሞት ነው። የሚለካው ምን ያህል እንደቆየ ብቻ ነው።

በጃፓን ነገሩ እሳት ሆኖ ተዛመተ። ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላ ከ100 ሺህ በላይ ማሽኖች ተሠሩ፤ ከዚህ ጨዋታ በቀር ሌላ የሌላቸው «ኢንቬደር ቤቶች» ተከፈቱ። በአገሩ የመቶ የን ሳንቲም እጥረት አስከተለ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይደገማል፤ በኋላ ጉዳዩን የመረመሩ ግን ማስረጃ አላገኙለትም። አሜሪካ ውስጥ ሚድዌይ የተባለ ኩባንያ ፈቃድ ወስዶ አሰራጨው። እዚያ ዋጋው አንድ ኳርተር፣ ማለትም 25 ሳንቲም ነበር። ስሙኒ መሆኑ ነው። በ1980 አታሪ በቴሌቪዥን የሚጫወቱበትን ዓይነት አወጣ፤ ለዚህ ጨዋታ ሲሉ ብቻ ማሽኑን የገዙ ብዙዎች ነበሩ።

የአባባ ዓይነት ሥጋትም አብሮ ተሰራጨ። በ1981 የፊሊፒንስ መሪ ፈርዲናንድ ማርኮስ የቪዲዮ ጨዋታ ማሽኖችን በአዋጅ አገዱ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ ምክር ቤት ጆርጅ ፎክስ የተባሉ የሕዝብ እንደራሴ፣ ልጆች በስፔስ ኢንቬደርስ ሱስ ገንዘብ እየሰረቁና ከትምህርት ቤት እየቀሩ ነው በማለት ማሽኖቹን የአካባቢ አስተዳደሮች እንዲቆጣጠሩ የሚያስችል ረቂቅ ሕግ አቀረቡ። በ94 ድጋፍና በ114 ተቃውሞ ወደቀ። ይህን ባነበብኩ ጊዜ የላምባው መልስ ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ። ለንደን ላይ ለተነሳው ክስ ሻሸመኔ ላይ ምስክር ሆኜ ልቀርብ እችል ነበር።

* * *

ይህ ሁሉ ሲሆን እኛ ዘንድ ምንም አልተሰማም። በ1970ዎቹ ሸቀጥ ማስገባት በመንግሥት ፈቃድ ነበር፤ የውጭ ምንዛሪው ለመሣሪያና ለነዳጅ ይውላል፤ የቀለም ቴሌቪዥን ሥርጭት እንኳ የተጀመረው ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ሲባል ነው። ጨዋታው ወደ እኛ የመጣው በዞረ መንገድ፣ ዘግይቶና ስሙን አራግፎ ነው።

መንገዱም እንዲህ ነበር። ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1983 ፋሚኮም የተሰኘውን የቤት ማጫወቻ አወጣ። ናምኮ በ1984 ጋላክሲያንን፣ ታይቶ ደግሞ በ1985 ስፔስ ኢንቬደርስን ለዚሁ ማጫወቻ አዘጋጁ። ብዙም ሳይቆይ በታይዋን፣ ኋላም በቻይና፣ ያለ ኒንቴንዶ ፈቃድ የማጫወቻው ግልባጭ ይመረት ጀመር። በርካታ ጨዋታዎች በአንድ ካሴት ተጨፍልቀው፣ የሠሪዎቻቸው ስም ተፍቆ ተሸጡ። እነዚህ ግልባጮች ሩሲያን፣ ሕንድን፣ ደቡብ አሜሪካንና አፍሪካን አዳረሱ። ጃፓን ውስጥ ቤተ መዘክር ሊገባ የደረሰው እቃ፣ ሃያ ዓመት ዘግይቶ ሻሸመኔ ላይ የዓለም መጨረሻ ሥልጣኔ ሆኖ ተገለጠ። አንዳንዱ ይህን ኋላ ቀርነት ይለዋል። እኔ ግን ያ ግራጫ ሣጥን ባይገለበጥ ኖሮ ኒሺካዶና እኔ ፈጽሞ ባልተገናኘን ነበር እላለሁ። ስሙ ቢፋቅም ሥራው ደርሶኛል።

የዛሬ ዓመት ለገና ሻሸመኔ ወረድሁ። አባባ ጡረታ ከወጣ ቆይቷል። ምሳ ከበላን በኋላ ላፕቶፔን ከፍቼ የመጀመሪያውን ስፔስ ኢንቬደርስ አሳየሁት። አራቱ ድምፆች ጀመሩ። መነጽሩን አደረገና ተጠግቶ አየ።

«ሰው የለበትም?»

«የለበትም፣ አባባ። እንዲያውም ሠሪው ሰው ሊያደርጋቸው ነበር። በሰው ላይ መተኮስ ጥሩ አይደለም ተባለ።»

«ማን አለ?»

«ከበላይ።»

ጥቂት ዝም አለ። «መቼ ነው ያልከኝ?»

«ሰባ ላይ።»

«በሰባ» አለ ቀስ ብሎ። «በሰባ ከበላይ እንዲህ የሚል ነበረ?»

ከዚያ ስለ ታላቅ ወንድሙ ነገረኝ። አጎት እንደነበረኝና በዚያ ዘመን እንደሞተ አውቅ ነበር። ማታ ከቤት እንደወሰዱት፣ ሌሊቱን አባቴ የዚያኔ ሃያ ዓመቱ፣ ተኩስ እየቆጠረ እንዳነጋ ግን ነግሮኝ አያውቅም። ከሰባት በኋላ መቁጠር ትቶ እንደነበር ነገረኝ። «ያን ቀን ያን ቤት ስደርስ» አለኝ፣ «የተኩሱ ድምፅ አልነበረም ያስደነገጠኝ። እሱንማ ለምጄዋለሁ። የእናንተ ሳቅ ነው። ተኩስና ሳቅ አንድ ላይ ሰምቼ አላውቅም ነበር።»

ጨዋታው ሰው እንደሌለበት ለማስረዳት ሃያ አምስት ዓመት ፈጀብኝ። እሱም ለምን እንደከለከለኝ ለማስረዳት ያንኑ ያህል ፈጀበት። ስመዝነው ሁለታችንም ልክ ነበርን። ልጅ ጥይትን በሳቅ ቢሰማ፣ ያልተተኮሰበት ልጅ ስለሆነ ነው፤ ያ ደግሞ አባባ ለእኔ የተመኘው ነበር። ግን ማን ላይ እንደሚተኮስ መጠየቅ ያለበት ትልቅ ሰው ያስፈልጋል። ቶኪዮ ውስጥ አንድ ሰው ጠየቀ፤ ሰልፉ ወደ ኦክቶፐስ ተለወጠ። ዛሬ በየእጃችን ባለው ስልክ ውስጥ ሰልፈኛው ሁሉ ሰው ነው፤ ደሙም በቀለም ነው። ልጆቻችን ሲጫወቱ አጠገባቸው ቁጭ ብለን የምናይ ስንቶቻችን ነን?

አባባ «እስቲ ስጠኝ» ብሎ ሞከረ። ሁለት ወራሪ መታ፤ ከምሽጉ ወጣና ሞተ። ሁለተኛዋም ነፍስ፣ ሦስተኛዋም አለቀች። መነጽሩን አውልቆ ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋው።

«ለካ ቀላል አይደለም» አለ። ቀጥሎም፣ ጭራሽ ባልጠበቅሁት ሰዓት፣ «የላምባውን መልስ ግን እስከ ዛሬ አላመጣህም» አለኝ።